ስታኒስላው ኡላምና የካንፊልድ ካርታ

እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያ ወራት፣ በካሊፎርኒያ፣ ከአንጎል ቀዶ ሕክምና የተነሡ አንድ የሒሳብ ሊቅ ቀናቸውን የሚያሳልፉት ለብቻቸው ካርታ በመደርደር ነበር። ሰውየው ስታኒስላው ኡላም ናቸው። ይጫወቱት የነበረውም ካንፊልድ የሚባለው የሶሊቴር ዓይነት ነው። ካርታው አንዳንድ ቀን እስከ መጨረሻው ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን መንገድ ላይ ተቆልፎ ይቀራል። ኡላምም ማንኛውም ተጫዋች ሊያነሣው የሚችለውን ጥያቄ አነሡ፤ ይኸውም በሚገባ ከተበወዘ የ52 ካርታ ክምር ጨዋታው የሚወጣበት ዕድል ምን ያህል ነው የሚል ነበር። ጥያቄው የሕመምተኛ ጊዜ ማሳለፊያ ይምሰል እንጂ፣ ከእርሱ የተገኘው የስሌት ዘዴ ዛሬ የጨረር ሕክምና መጠን ከሚለካበት ክፍል ጀምሮ የባንክ ኪሣራ እስከሚገመትበት ጽሕፈት ቤት ድረስ የዕለት ተዕለት መሣሪያ ሆኗል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኡላም የተወለዱት ሚያዝያ 13 ቀን 1909 ሲሆን፣ የትውልድ ከተማቸው በዚያን ጊዜ በኦስትሪያና ሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ሌምበርግ ትባል ነበር። ከተማይቱ በኋላ በፖላንድ እጅ ስትገባ ልቩፍ ተባለች፤ ዛሬ የዩክሬን ሆና ልቪቭ ትባላለች። ቤተሰባቸው ኑሮው የተደላደለ የአይሁድ ቤተሰብ ነበር፤ አባታቸውም ሕግ ዐዋቂ ነበሩ። ወጣቱ ኡላም በከተማይቱ የቴክኒክ ኮሌጅ ገብተው በካዚሚር ኩራቶቭስኪ ሥር ሒሳብ አጠኑ፤ በ1933ም የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበሉ። ከካሮል ቦርሱክ ጋር ስማቸው የሚነሣበት ቲዎሪም የዚያው ዘመን ፍሬ ነው። ቲዎሪሙን ለተራ ሰው ለማስረዳት፣ በየትኛውም ቅጽበት በምድር ላይ ፊትና ጀርባ ሆነው የሚተያዩ፣ ሙቀታቸውም የአየር ግፊታቸውም እኩል የሆነ ሁለት ነጥቦች አይጠፉም ይባላል።

የልቩፍ ሒሳብ የሚሠራው በትምህርት ክፍል ውስጥ ብቻ አልነበረም። ስቴፋን ባናኽ፣ ስታኒስላው ማዙር፣ ኡላምና ሌሎችም ስኮቲሽ ካፌ በሚባለው ቡና ቤት ተቀምጠው እስኪመሽ ይከራከሩ ነበር። የጻፉትም በእብነ በረድ ጠረጴዛው ላይ ስለነበር አስተናጋጆቹ ጠረጴዛውን ሲወለውሉ አብሮ ይጠፋል። በዚህ የተቸገሩት የባናኽ ባለቤት በ1935 አንድ ወፍራም ደብተር ገዝተው አመጡ፤ ደብተሩ በቡና ቤቱ ተቀምጦ ጥያቄ ያለው ጥያቄውን፣ መልስ ያለው መልሱን የሚጽፍበት ሆነ። ለአንዳንዱ ጥያቄ ሽልማት ይመደባል፤ አንድ ብርጭቆ መጠጥ የሚሰጥበት አለ፣ ምሳ የሚጋበዝበትም አለ። ማዙር በ1936 ለጻፉት ለአንዱ ጥያቄ ያቆሙት ሽልማት በሕይወት ያለ ዝይ ነበር። ስዊድናዊው ፔር ኤንፍሎ ጥያቄውን ሲፈታው ዘመኑ 1972 ደርሶ ነበርና ዝዩን በዋርሶ ተረከበ። ኡላም በሕይወታቸው ሙሉ ለብቻ ከመጻፍ ይልቅ በወሬና በክርክር ማሰብን የመረጡት ከዚህ ቡና ቤት በወጣ ልማድ እንደሆነ መገመት አያስቸግርም።

በ1935 መጨረሻ ጆን ፎን ኖይማን ጋብዘዋቸው ወደ ፕሪንስተን ተሻገሩ። ከዚያም በሃርቫርድ ቦታ አግኝተው ክረምቱን በአሜሪካ፣ በጋውን በልቩፍ እያሳለፉ ቆዩ። በነሐሴ 1939 ከገና ወጣት ወንድማቸው ከአዳም ጋር ከግዲኒያ ወደብ ባቶሪ በተባለችው መርከብ ተሳፈሩ፤ አባታቸውም እስከ ወደቡ ድረስ ሸኟቸው። ጀርመን ፖላንድን የወረረችው መስከረም 1 ቀን ነው፤ በመርከቧና በጦርነቱ መካከል የነበረው ጊዜ ከሁለት ሳምንት እምብዛም አይበልጥም። እናታቸው ቀደም ብለው ዐርፈዋል። አባታቸውና እኅታቸው ግን በናዚዎች እልቂት ጠፉ። ካስተማሯቸው መምህራን አንዱ የነበሩት ስቶዤክ በሐምሌ 1941 ከልጆቻቸው ጋር ተረሸኑ፤ ባናኽም ጦርነቱን ቢያልፉትም በ1945 በሳንባ ካንሰር ሞቱ። ኡላም ለወንድማቸው በአንድ ጊዜ አባትም አሳዳጊም መሆን ነበረባቸው። አዳምም በኋላ የሶቪየት ኅብረት ታሪክ ሊቅ ለመሆን በቅቷል።

ኡላም በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩ በኋላ፣ ፈረንሣያዊት የሆኑትን ፍራንስዋዝ አሮንን አግብተው፣ በኒው ሜክሲኮ ተራራ ላይ ወደተቋቋመው ወደ ሎስ አላሞስ ተጠሩ። ሥራው የአቶም ቦምብ መሆኑን እንኳ ያወቁት ከጥሪው በኋላ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ በሎስ አንጀለስ ወደሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ።

በጥር 1946 ኃይለኛ ራስ ምታት ያዛቸውና ቃላት ከአፋቸው መውጣት እንቢ አላቸው። ሕመሙ ኢንሴፋላይቲስ የሚባለው የአንጎል መቆጣት ነበር። ሐኪሞች ራስ ቅላቸውን ከፍተው ብርቱ ቁጣ አገኙ፤ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ የነበረውን ፔኒሲሊንም በቀጥታ አንጎሉ ላይ ጨመሩ። ከሰመመን ሲነቁ የጠበቃቸው ሥጋት ከሞት የማይተናነስ ነበር፤ ሰው በሕይወት ተርፎ አእምሮው ቢቀር፣ ሥራው ማሰብ ብቻ ለሆነ ሰው ምን ይተርፈዋል? አንድ ጠዋት ቀዶ ሐኪሙ 13 እና 8 ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ ብሎ ጠየቃቸው። ኡላም እንዲህ ያለ ጥያቄ በመጠየቃቸው ዐፍረው ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ሐኪሙ ይህን እንደ መጥፎ ምልክት ቆጥሮ ይሆናል፤ ቀጥሎ የ20 ስኩዌር ሥር ስንት ነው አለ። ኡላምም 4 ነጥብ 4 ገደማ ነው ብለው መለሱ። ሐኪሙ ዝም ሲል ግራ ገብቷቸው ትክክል አይደለምን ብለው ጠየቁ። ሐኪሙም ሥቆ እርሱ ራሱ መልሱን እንደማያውቀው ነገራቸው።

ከሆስፒታል የወጡ ቀን የሃንጋሪው ተወላጅ ፖል ኤርዴሽ መጥተው አገኟቸው። ኤርዴሽ ወዲያው የሒሳብ ወሬ ጀመሩ፤ ኋላም ቸዝ ተቀምጠው ተጫወቱና ኡላም አሸነፉ። ሆነ ብለው ለቀውልኝ ይሆን በሚል ጥርጣሬ ሁለተኛ ጨዋታ ጠየቁ፤ ደግመውም አሸነፉ። ኤርዴሽ መናደዳቸውን ባዩ ጊዜ ብቻ አእምሯቸው እንዳልተነካ ልባቸው አመነ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን ወዳጃቸው ጃን ካርሎ ሮታ፣ ኡላም ከሕመሙ ወዲህ ረጅምና ዝርዝር ስሌት መከተል ይከብዳቸው እንደነበረ፣ አዲስ ሐሳብ ወርውረው ፍጻሜውን ለሌሎች መተውን እንደመረጡ ጽፈዋል። ይህ አስተያየት የሁሉንም ወዳጆች ስምምነት አላገኘም። ቢሆንም ካርታው የመጣው በዚህ ሥጋትና ተስፋ መካከል መሆኑ አያጠራጥርም።

ጨዋታው እንዴት እንደሆነ ማወቅ የሐሳቡን አመጣጥ ለመረዳት ግድ ነው። ካንፊልድ ስሙን ያገኘው ከሪቻርድ ካንፊልድ ነው። እኚህ ሰው በ1855 የተወለዱና በ1914 የሞቱ፣ በሳራቶጋ ስፕሪንግስ ከተማ የታወቀ የቁማር ቤት የነበራቸው አሜሪካዊ ናቸው። እንደሚነገረው ከሆነ ደንበኛው አንዱን የካርታ ክምር በ50 ዶላር ይገዛል፤ ጨዋታው ሲያበቃም ወደ ላይ ላወጣው ለእያንዳንዱ ካርታ 5 ዶላር ይከፈለዋል። ስለዚህ ገንዘቡን ለማስመለስ ብቻ 10 ካርታ ማውጣት አለበት። ባለ ቁማር ቤቱ የከበሩት ከዕድል ሳይሆን ከዚህ ስሌት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። እንግሊዞች ይህንኑ ጨዋታ ሰይጣኑ ብለው ይጠሩታል፤ የተጫወተውም ሰው ስሙ ያለ ምክንያት እንዳልወጣ ይረዳል። በአሜሪካ ካንፊልድ የሚለው ስም ክሎንዳይክ ለሚባለው፣ በኮምፒውተር መስኮት ላይ ሁሉም ለሚያውቀው ሶሊቴርም ይሰጥ ስለነበር፣ ሁለቱን ማደባለቅ የተለመደ ነው። እዚህ የሚገለጠው በካርታ መጻሕፍት በካንፊልድ ስም የታወቀው ነው።

ካርታው ከተበወዘ በኋላ መጀመሪያ 13 ካርታ ተቆጥሮ በስተግራ በአንድ ክምር ይቀመጣል፤ ከላይ ያለው ብቻ ፊቱ ይገለጣል። ይህ መጠባበቂያው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ካርታ ወደ ላይ ተነሥቶ የመጀመሪያው መሠረት ይሆናል። ከዚያም 4 ካርታዎች ጎን ለጎን ተገልጠው ይደረደራሉ፤ እነዚህ የአራት ዓምዶች መጀመሪያ ናቸው። 13 እና 1 እና 4 ተደምረው 18 ይሆናሉና በእጅ የሚቀረው 34 ካርታ ነው።

የጨዋታው ግብ 52ቱንም ካርታ በአራት መሠረቶች ላይ ማውጣት ነው። በዕጣ ወደ ላይ የወጣው ካርታ ባለ ልብ 7 ቢሆን፣ ሌሎቹ ሦስት መሠረቶችም በ7 መጀመር አለባቸው፤ ሌሎቹ 7ቶች እንደ ተገኙ ወዲያው ወደ ቦታቸው ይወጣሉ። መሠረቱ በአንድ ምልክት ብቻ ሽቅብ ይገነባል፤ ከ7 ወደ 8፣ ከዚያም እስከ ንጉሡ ደርሶ ወደ አስ ይዞርና በ6 ይዘጋል። ከታች ባሉት አራት ዓምዶች ላይ ደግሞ ግንባታው ቁልቁል ነው፤ ቀለሙም እየተፈራረቀ ይሄዳል። ቀይ 9 በጥቁር 10 ላይ ይወርዳል፤ በቀይ አስ ላይ ጥቁር ንጉሥ ይቀመጣል። አንድ ዓምድ እንዳለ ተነሥቶ በሌላው ላይ ሊዛወር ይችላል። አንዱ ዓምድ ባዶ ሲሆን ከመጠባበቂያው የላይኛው ካርታ ይሞላዋል፤ ይህ በተጫዋቹ ፈቃድ ሳይሆን በግዴታ የሚፈጸም ነው። መጠባበቂያው ካለቀ በኋላ ግን ባዶው ቦታ ከእጅ በተገለጠው ካርታ ይሞላል።

የእጁ 34 ካርታ የሚገለጠው ሦስት ሦስት እየሆነ ነው፤ መጫወት የሚቻለውም ከሦስቱ በላይኛው ብቻ ነው። እርሱ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ነጻ ይሆናል። ክምሩ ሲያልቅ ሳይበወዝ ተገልብጦ እንደገና ይጀመራል፤ ለዚህ ዙር ገደብ የለውም። እዚህ ላይ የጨዋታው ተንኮል ይገኛል። 34 ለ3 ሲካፈል 11 ደርሶ 1 ይተርፋልና፣ አንድም ካርታ ካልተነሣ በአንድ ዙር ፊታቸው የሚታየው 12 ካርታዎች ብቻ ናቸው፤ የቀሩት 22 ከሥር ተቀብረው ይኖራሉ። አንድ ካርታ ሲነሣ ግን ከእርሱ በኋላ ያለው አቆጣጠር ሁሉ ይናወጣል፤ በሚቀጥለው ዙር ከላይ የሚውለው ሌላ ነው። ሙሉ ዙር አልፎ ምንም የሚነሣ ካልተገኘ ጨዋታው አብቅቷል ማለት ነው። ልምድ ያለው ተጫዋች ከሁሉ አስቀድሞ የሚጣጣረው የመጠባበቂያውን 13 ካርታ ለመጨረስ ነው፤ በዚያ ክምር ሥር አንድ አስፈላጊ ካርታ ተደብቆ ሲቀር ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናልና። ከእጅ የሚመጣ ካርታና ከመጠባበቂያው የሚመጣ ካርታ ለአንድ ቦታ ሲሽቀዳደሙ መጠባበቂያው ይቅደም። ኮንከር የሚያውቅ ሰው የሚስተው ነገር ቢኖር እዚህ የሚሸነፍ ባላጋራ አለመኖሩ ነው።

ኡላም የመጀመሪያ ሙከራቸው የሒሳብ ሰው የሚያደርገው ነበር። ሊሆኑ የሚችሉትን አደራደሮች ሁሉ በቀመር ቆጥሮ፣ ከእነርሱ ውስጥ የሚወጡት ስንት እንደሆኑ ማወቅ አሰቡ። ነገር ግን 52 ካርታ ሊደረደር የሚችልባቸው መንገዶች 8 ተጽፎ 67 ዜሮ የሚከተለው ያህል ናቸው። የቁጥሩ ግዙፍነት ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ግዙፍ ቁጥር በቀመር ሊደፈር ይችላል። ከባዱ ነገር እያንዳንዱ እርምጃ የሚቀጥለውን ሁሉ መለወጡ ነው፤ አንድ ቀይ 9 አሁን መነሣቱና ከአንድ ዙር በኋላ መነሣቱ ሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ይወልዳል። እንዲህ ያለውን ቀመር አይገዛውም።

ስለዚህ ወደ ቀላሉ መንገድ ዞሩ። ካርታውን 100 ጊዜ በውዞ መጫወትና የወጣውን መቁጠር ብቻ በቂ ነው። ከ100 ጨዋታ 30 ቢወጣ ዕድሉ ከመቶ 30 ገደማ ነው ማለት ይቻላል፤ የግምቱም መደበኛ ስሕተት ከ4 ከፍ ብሎ 5 አይሞላም። ስሕተቱን ወደ ዐሥረኛው ለማውረድ ግን ጨዋታው 100 እጥፍ መሆን አለበት፤ ይኸውም 10,000 ጊዜ ነው። በስታቲስቲክስ ሙያ ያለ ሁሉ ይህን ሕግ ከመጀመሪያው ዓመት ትምህርቱ ያስታውሰዋል። አንድ ጨዋታ 10 ደቂቃ ቢፈጅ 100 ጨዋታ ወደ 17 ሰዓት ይጠጋል፣ 10,000 ደግሞ ያለ እንቅልፍና ያለ ምግብ 69 ቀን ያልፋል። ለሰው እጅ አይሆንም። ለመኪና ግን ይሆናል፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ደግሞ 18,000 ያህል የቫኪዩም አምፑሎች ያሉት ኤኒያክ የተባለው ኮምፒውተር በፊላዴልፊያ ለሕዝብ ታይቶ ነበር።

የኡላም ብልሃት ካርታውን በኒውትሮን መተካታቸው ነው። በአቶም አስኳሎች መካከል የሚጓዝ አንድ ኒውትሮን ጥቂት ይሄድና ከአስኳል ጋር ይጋጫል፤ ተጋጭቶ አቅጣጫውን ይለውጣል፣ ወይም ተውጦ ይቀራል፣ ወይም አስኳሉን ሰንጥቆ ሌሎች ኒውትሮኖችን ይወልዳል። የእያንዳንዱ ዕድል በላቦራቶሪ ተለክቶ ይታወቃል፤ የብዙ ሚሊዮኖቹን ጠቅላላ ውጤት የሚሰጠው የሒሳብ እኩልታ ግን በወረቀት አይፈታም። እንግዲያውስ ለአንድ ኒውትሮን በየግጭቱ ዕጣ እያወጡ ታሪኩን መከተል፣ ከዚያም ለሌላው፣ ለሌላውም እንዲሁ ማድረግ፣ በመጨረሻም መቁጠር ነው። ካርታው 100 ጊዜ ተጫወተ ማለት እኮ ይህ ነው።

በዚያው ዓመት ወደ ሎስ አላሞስ ሲመለሱ ሐሳቡን ለፎን ኖይማን ነገሯቸው። ኡላም እንደሚያስታውሱት ረጅሙ ውይይት የተካሄደው ከሎስ አላሞስ ወደ ላሚ የባቡር ጣቢያ በሚሄድ የመንግሥት መኪና ውስጥ ነው። ፎን ኖይማን መጀመሪያ ተጠራጥረው ነበር ይባላል፤ ኋላ ግን ከማንም በላይ ያፋጠኑት እርሳቸው ናቸው። መጋቢት 11 ቀን 1947 ለሮበርት ሪክትማየር በጻፉት ረጅም ደብዳቤ ስሌቱ በኤኒያክ እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር አሰፈሩ። በ1948 የጸደይ ወራት ባለቤታቸው ክላራ ፎን ኖይማንና ኒኮላስ ሜትሮፖሊስ ተባብረው የመጀመሪያውን ስሌት በመኪናው ላይ አካሄዱ። ክላራ የትእዛዙን ጽሑፍ ያዘጋጁ ሲሆን፣ ስማቸው ለብዙ ዓመታት ተዘንግቶ መኖሩ ተገቢ አልነበረም።

ስሙን ያወጡት ሜትሮፖሊስ ናቸው። ኡላም ከዘመድ ገንዘብ እየተበደሩ ወደ ሞንቴ ካርሎ የቁማር ቤት የመሄድ ሱስ የነበረባቸው አንድ አጎት ነበሯቸው፤ ሜትሮፖሊስም ይህን ሰምተው ዘዴውን ሞንቴ ካርሎ አሉት። በ1949 ሁለቱ በአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ስሙ ለዓለም ታወቀ። በዕጣ ማስላት ከዚያ በፊት ያልታሰበ ነገር እንዳልነበረ ግን መዘንጋት አይገባም። ፈረንሣያዊው ቡፎን በ18ኛው መቶ ዓመት መርፌ በመጣል የሚሠራ የዕድል ስሌት አቅርበዋል፤ ኤንሪኮ ፌርሚም በሮም ሳሉ በ1930ዎቹ የኒውትሮንን ጉዞ በእጅ በዚህ መንገድ ገምተው ሳያሳትሙት ቀርተዋል። የኡላም አዲስነት ዘዴውንና አዲሱን መኪና በአንድ ላይ ማየታቸው ነው።

መኪናው ካርታ መበወዝ አይችልምና የዕጣ ቁጥር ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ቀረ። ፎን ኖይማን ያገኙት ዘዴ በአራት አሐዝ እንኳ ቢሞከር ይገባል። 5772 በራሱ ሲባዛ 33315984 ይሆናል፤ የመካከሉ አራት አሐዝ 3159 ነው። እርሱም በራሱ ሲባዛ 9979281 ይሰጣል፤ ከፊቱ ዜሮ ተጨምሮ መካከሉ ሲወሰድ 9792 ይገኛል፤ እንዲህ እየተባለ ይቀጥላል። ቁጥሮቹ ዕጣ ይመስላሉ እንጂ ዕጣ አይደሉም፤ ሲቆዩም በዜሮ ወይም በአንድ ክብ መንገድ ላይ ይወድቃሉ። የበወዛው ጉድለት የጨዋታውን ውጤት እንደሚያበላሽ ሁሉ የዚህም ጉድለት ስሌቱን ያበላሻል፤ በዚህ ምክንያት የተሻለ የዕጣ ቁጥር መፈለግ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ።

ዘዴው የተወለደበት ቤት የቦምብ ቤት መሆኑን ሳይጠቅሱ ማለፍ ታሪኩን ማስዋብ ይሆናል። በ1950 ኡላምና ኮርኔሊየስ ኤቨረት በእጅ በሚሠራ የሒሳብ መኪና ባደረጉት አድካሚ ስሌት፣ ኤድዋርድ ቴለር ያቀረቡት የሃይድሮጅን ቦምብ ዕቅድ እንደማይሠራ አሳዩ። ቴለር አልወደዱትም። በ1951 መጀመሪያ ግን ኡላም ራሳቸው አንድ ቦምብ ሌላውን አስቀድሞ እንዲያጨመድደው የማድረግን ሐሳብ አመጡ፤ ባለቤታቸው ፍራንስዋዝ በዚያ ቀን በመስኮት በኩል ፈዘው ሲመለከቱ እንዳገኟቸው በኋላ ተርከዋል። ቴለር ሐሳቡን አሻሽለውት መጋቢት 9 ቀን 1951 የጋራ ጽሑፍ ወጣ። ህዳር 1 ቀን 1952 በኤኒወታክ ደሴቶች የፈነዳው የመጀመሪያው ቦምብ 10 ነጥብ 4 ሜጋቶን ነበር። ክብሩ የማን ነው የሚለው ክርክር ሁለቱ እስኪሞቱ ድረስ ዘለቀ። ኡላም ስሌት በራሱ ኃጢአት አይደለም የሚል አቋም ነበራቸው። ቤተሰቡን በጦርነት ያጣ ሰው ይህን ሲል የሚሰማው ሰው በቀላሉ ሊፈርድ አይችልም፤ በቀላሉ ሊያጸድቅም አይችልም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመናቸው በጨዋታ የተሞላ ነው። ከፌርሚ፣ ከጆን ፓስታና ከሜሪ ሲንጉ ጋር በማኒያክ ኮምፒውተር ላይ የሠሩት የንዝረት ስሌት በ1955 በጽሑፍ ወጥቶ፣ ማንም ያልጠበቀውን ውጤት አሳየ፤ ሲንጉ የስሌቱን ትእዛዝ ቢጽፉም ስማቸው ከርእሱ ተትቶ ኖሯል። በ1956 ያው ኮምፒውተር በ36 ቤት ሰሌዳ ላይ፣ ያለ ጳጳስ፣ ቸዝ ሲጫወት ከሥራው ባልደረቦች አንዱ ኡላም ነበሩ። በ1963 ደግሞ አሰልቺ ንግግር ሲያዳምጡ ቁጥሮችን በጥምዝ መስመር እየጻፉ፣ ለራሳቸውና ለ1 ብቻ የሚካፈሉትን ቢያከብቡ በሰያፍ መሰለፋቸውን አዩ፤ ሥዕሉ በሚቀጥለው ዓመት በሳይንቲፊክ አሜሪካን ሽፋን ላይ ወጣ። በ1957 የስኮቲሽ ካፌውን ደብተር ከፖላንድ ከሁጎ ሽታይንሃውስ በደረሳቸው ግልባጭ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው ለወዳጆቻቸው አሠራጩ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፤ በ1976ም የሕይወት ታሪካቸውን አሳተሙ። ግንቦት 13 ቀን 1984 በሳንታ ፌ በልብ ሕመም በድንገት ሲያርፉ 75 ዓመታቸው ነበር። የተቀበሩት በባለቤታቸው ቤተሰብ መቃብር፣ በፓሪስ ሞንፓርናስ ነው።

የካርታው ጥያቄ ራሱ ግን ሰውየው ካረፉ በኋላም ቆይቷል። በ2019 ቻርሊ ብሌክና ኢያን ጌንት፣ በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ፣ ብዙ የሶሊቴር ዓይነቶችን በኮምፒውተር አስፈትተው ውጤቱን አወጡ። ዘዴያቸው ኡላም በአልጋ ላይ ያሰቡት ነው፤ ካርታውን በዕጣ በውዞ መጫወትና መቁጠር። የሁሉም ካርታ ቦታ አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ ካንፊልድ ከመቶ 70 በላይ፣ ክሎንዳይክም ከመቶ 82 ገደማ ሊወጣ የሚችል ሆኖ ተገኘ። በሰው እጅ የሚወጣው ግን ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ የመጠባበቂያው 12 ካርታ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ተደፍቷልና።